የእጇ ልክ

የሰፈሩ ሰው «እትዬ መቶኛ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ጎረቤቷ ቁልፍ ቀራጩ ነው፤ ለቀልድ ብሎ። ሰው ወረቀት ይዞ መጥቶ «ይቺን ትንሽ አሳድጊልኝ» ሲላት፣ «ትንሽ ማለት ስንት በመቶ ነው? ደግሞስ የምኑ መቶ?» ብላ ሳትጠይቅ የማሽኑን ቁልፍ አትነካም። ቁልፍ ቀራጩ ይህንኑ በግድግዳው በኩል በቀን ሃያ ጊዜ ቢሰማ፣ «የኛ መቶኛ ዛሬም ሰዉን ልትመትረው ነው» አለ። ስሙ እዚያው ላይ ተለጥፎ ቀረ። እሷም አልተቀየመችም፤ ከዚያ የባሰ ስም የወጣለት ስንት ሰው አለ።

ሱቋ ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት፣ በልብስ ሰፊውና በቁልፍ ቀራጩ መካከል የተሸጎጠች ናት። ሦስት ሰው ከገባባት አራተኛው ደጅ ይቆማል። አንድ ትልቅ ኮፒ ማሽን፣ አንድ የእንጨት ባንኮኒ፣ ደብተርና እርሳስ የተደረደረበት መደርደሪያ፣ ከበሩ አጠገብ ደግሞ ለደከመው የሚሆን አግዳሚ ወንበር አለ። መቀሱ ከጣሪያ በገመድ ተንጠልጥሏል፤ የተዋሰው ሁሉ ይዞት እየሄደ ስላስቸገራት ነው። ማሽኑ ሲሞቅ ክፍሉ የተተኮሰ ልብስ፣ የተተኮሰ ልብስ ይሸታል።

ልጅ ሳለች በሒሳብ ይህን ያህል የምትመሰገን አልነበረችም። በተለይ አንድ ጥያቄ ልቧ ውስጥ እንደ እሾህ ተሰክቶ ቀርቷል። «የአንዲት ከተማ ሕዝብ በሃያ በመቶ ጨምሮ ስድስት ሺህ ሆነ። ከመጨመሩ በፊት ስንት ነበር?» ይላል። እሷ የስድስት ሺህን ሃያ በመቶ አወጣች፤ አንድ ሺህ ሁለት መቶ። ቀነሰች። አራት ሺህ ስምንት መቶ ብላ፣ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አስምራ ሰጠች። በቀይ ተሰርዞ ተመለሰላት። አስተማሪው ምክንያቱን አልነገሯትም፤ እሷም አፍራ አልጠየቀች። ብቻ፣ ሃያ የጨመረ ነገር ሃያ ሲቀነስበት ወደ ቦታው ካልተመለሰ የት ገብቶ ቀረ? ይህን እያብሰለሰለች ስምንተኛ ክፍል ጨረሰች። ከዚያ በኋላ ቤቱም አልሞላ ሲል ትምህርቱን ትታ፣ ዘመዳቸው በከፈተው ኮፒ ቤት ተቀጠረች።

በተቀጠረች በሁለተኛው ዓመት አንድ ብረት ሠሪ መጣ። ለመስኮት ፍርግርግ የሚሆን የአበባ ንድፍ ይዟል። ንድፉ በፊት ሃያ ሴንቲ ሜትር ነበር፤ አሳይቶ ለማስመረጥ እንዲመቸው በሃያ አምስት በመቶ አሳድጎት ሃያ አምስት ሴንቲ ሆኗል። አሁን ደንበኛው ተስማምቷልና «ወደ ነበረበት መልሺልኝ» አላት። ምን ችግር አለው? ሃያ አምስት ጨምሯል፣ ሃያ አምስት ይቀነሳል። ማሽኑን ሰባ አምስት ላይ አድርጋ አወጣችለት።

በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። አልጮኸም። በንድፉ የቆረጠውን የብረት አበባ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና፣

«እህቴ፣ ስድስት ቆርጬ ስድስቱም አልደረሱልኝም» አላት። «አንድ ሴንቲ ከሩብ ይጎድላቸዋል። እኔ የቆረጥኩት አንቺ በሰጠሽኝ ወረቀት ልክ ነው።»

ለካችው። አሥራ ስምንት ከሰባ አምስት። ፊቷ ጋለ። ያ የድሮው እሾህ ነው። እንደገና ሃያ አምስት ወጥቶ ሃያ አምስት ወርዶ፣ መሬት ሳይነካ ጉድጓድ ውስጥ ገብቷል።

ብረት ሠሪው አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቃት። እሷ ከተጣለ ወረቀት ላይ ሃያ ሴንቲ የምትሆን ቅዳጅ ቆርጣ አራት ቦታ አጠፈቻት። እያንዳንዱ እጥፋት አምስት ሴንቲ ነው። ሃያ አምስት በመቶ ማለት ሩብ ነው፤ ሩብ ማለት አንድ እጥፋት ነው። እንግዲህ ከሌላ ወረቀት አንድ እጥፋት የሚያክል ቆርጣ ቀጠለችባት። አራት የነበረው አምስት ሆነ። አሁን ወደ ኋላ እንመለስ ብላ ያንኑ የቀጠለችውን ቁራጭ ያዘች። እጇ እዚያው ቆመ።

ልቀንስ የያዝኩት ከአምስቱ አንዱን ነው። ከአምስት አንድ ደግሞ ሃያ በመቶ ነው። ሃያ አምስት አይደለም።

ቁራጩ ያው ቁራጭ ነው፤ አላደገም፣ አላነሰም። ሲገባ ሃያ አምስት በመቶ ተብሎ ገባ፣ ሲወጣ ሃያ በመቶ ሆኖ ይወጣል። የተለወጠው መቶው ነው። ሲገባ መቶ የተባለው ትንሹ ወረቀት ነበር፤ ሲወጣ መቶ የሚባለው ትልቁ ነው። ማሽኑን ሰማንያ ላይ አደረገችና አወጣች። ማስመሪያውን አስቀመጠችበት። ሃያ፤ አንዲት ፀጉር ሳትተርፍ፣ አንዲት ፀጉር ሳትጎድል።

ብረት ሠሪው ወረቀቱን ይዞ ሄደ። እሷ ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ መንገዱ እግሯ ሥር መኖሩንም አላስተዋለችም። ሃያ በመቶ ከአምስት አንድ ነው፤ አምስት የነበረው ስድስት ሆኗል፤ ስድስት ሺህ ለስድስት አንድ ሺህ፤ አምስቱ አምስት ሺህ። ከተማዋ አምስት ሺህ ሰው ነበራት። በዚያ ሁሉ ዓመት አምስት ሺህ ሰው መልስ እየጠበቀ ቆሞ ነበር ማለት ነው። ብቻዋን ሳቀች፤ ከዚያ ደግሞ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረችም፤ ቢነግሩትስ ማን ይገባዋል?

ዘመድየው ሲያረጅ ሱቁ ለሷ ተላለፈ። ባል አገባች፤ ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ሁለት ልጆች አሳደገች። ማሽኖቹ ሦስት ጊዜ ተለወጡ። የመሐንዲስ ንድፍ፣ የቀሚስ ቅድ፣ የካርታ ቁራጭ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ በእጇ የማያልፍ ነገር የለም። እየቆየች ስትሄድ ከሚያሳድገው ይልቅ ወደ ነበረበት መመለስ የሚችል ሰው ጥቂት መሆኑን አየች። ማሳደግ ለማንም አይከብድም። መመለሱ ላይ የተማረውም ያልተማረውም እኩል ይደናቀፋል።

ሃምሳ አንድ ዓመት ሲሆናት፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሁለት ሴቶች ገቡ። አንዷን በዓይን ታውቃታለች፤ ፊት ለፊት ጤና ጣቢያው ውስጥ በቅርቡ ተዛውራ የመጣች አዋላጅ ናት። ሁለተኛዋ ሰባውን ያለፉ አሮጊት ናቸው። አሮጊቷ ሰላምታ ሰጥተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ሁለቱ እንደተኳረፉ ዓይን ላለው ሰው አይጠፋም።

አዋላጇ ሁለት ወረቀት ባንኮኒው ላይ ዘረጋች። አንደኛው ትልቅ ነው፤ ባንኮኒውን ግማሽ ያህል ሸፈነው። በእርሳስ ዙሪያው የተሰመረ የግራ እጅ ነው፤ አምስቱም ጣቶች ተዘርግተዋል። መስመሩ ወፍሮ የገመድ ያህል ሆኗል። ሁለተኛው ያው እጅ ነው፤ ትንሽዬ፣ በላስቲክ የታሸገ።

«የእናቴ እጅ ነው» አለች አዋላጇ። «እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ታማ ሆስፒታል ተኛች። እኛ ሩቅ ነበርን። መጻፍ አትችልም ነበር። ደህና ነኝ ለማለት ከደብተር ወረቀት ላይ እጇን አስቀምጣ፣ በእርሳስ ዙሪያዋን አስምራ ላከችልን። ከዚያ አልተመለሰችም።»

«ነፍስ ይማር» አለች እትዬ መቶኛ።

«ዋናውን ወረቀት አባቴ ከደረት ኪሱ አይለየውም ነበር። ሲሞት እዚያው ኪሱ ውስጥ ሆኖ አብሮት ተቀበረ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሌላ አሳድጎ አሠርቶ ነበር፤ እሱን ደግሞ ጣሪያው አፍስሶ አበላሸው። ደግነቱ ወንድሜ ከመበላሸቱ በፊት እንደገና አሳድጎ ኮፒ አድርጎት ኖሯል። የቀረን ይህ ትልቁ ብቻ ነው።»

ትልቁን ገለበጠችው። ጀርባው ላይ በጥንቁቅ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ተብሏል፦ «አባባ ከዋናው ላይ 40 በመቶ አሳድጎ አሠራው። እኔ ከአባባው ላይ 25 በመቶ አሳድጌ ይህን አወጣሁ።»

«ወንድሜ የመሬት ቀያሽ ነው» አለች አዋላጇ። «ሳይጽፍ የሚያልፈው ነገር የለም።»

«እግዜር ይስጠው። ይህቺ ትንሿስ?»

«ከስምንት ዓመት በፊት በፊተኛው ሥራ ቦታዬ ያለ ኮፒ ቤት ወደ ልኩ መልሱልኝ አልኳቸው። ሃያ አምስቱን ቀነሱ፣ ከዚያ አርባውን ቀነሱ፣ ይህን ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ አልጋዬ ራስጌ ላይ ነች። እጄን አስቀምጥባታለሁ። የሷ ጣቶች የኔ የላይኛው አንጓ ላይ ያልቃሉ። እናቴ ትንሽዬ ሴት ነበረች እያልኩ ኖርኩ። ባለፈው ወር ግን አክስቴ እኔ ዘንድ ልትኖር መጣች...»

«የማን ሕፃን ነው ይሄ፣ አልኳት» አሉ አሮጊቷ ከአግዳሚው ላይ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ። «እህቴን አውቃታለሁ። አንድ አልጋ ላይ ነው ያደግነው።»

«ወረቀት አይዋሽም ብያት ነው የተጣላነው» አለች አዋላጇ ቀስ ብላ። «አርባ አምስት ዓመት አልፎታል፣ አክስቴ ረስታ ይሆናል አልኩ። እሷ ደግሞ ረሳሽ መባሉ ከበዳት። እስቲ እርስዎ ይዩልን። ወይ ወረቀቱ ተሳስቷል፣ ወይ አክስቴ።»

እትዬ መቶኛ ትንሿን ለካቻት። አሥራ አራት ሴንቲ፣ ትንሽ አለፍ ያለ። የአሥር ዓመት ልጅ እጅ። ትልቁን ለካች፤ ከመካከለኛው ጣት ጫፍ እስከ እጅ አንጓው ሥር ሠላሳ አንድ ተኩል። ከዚያ ማስመሪያውን አስቀመጠች። ምን እንደተፈጠረ ወዲያው ገብቷታል። ያ የስድስቱ የብረት አበባ ጉድለት ነው፤ እዚህ ግን የጎደለው ብረት አይደለም።

«ሲስተር፣ ወረቀቱ ነው የተሳሳተው» አለች። «አክስትዎ ልክ ነበሩ። ይምጡ፣ አብረን ወደ ኋላ እንሂድ። መጨረሻ የተጨመረው መጀመሪያ ይወጣል፤ ካፖርት ሳያወልቁ ሸሚዝ አይወልቅም።»

ከተጣለ ወረቀት ጀርባ ላይ እርሳሷን አሾለች።

«ወንድምዎ ሃያ አምስት በመቶ ጨመረ። ሃያ አምስት የማን? የአባትዎ ወረቀት። የአባትዎን ወረቀት አራት ቦታ ቢከፍሉት፣ ወንድምዎ አንድ አክሎበት አምስት አድርጎታል። ስለዚህ ይህ ትልቁ አምስት ቁራጭ ነው። ሠላሳ አንድ ተኩልን ለአምስት ያካፍሉ።»

አዋላጇ በአፏ አሰላች። «ስድስት ነጥብ ሦስት።»

«የአባትዎ ከዚህ አራቱ ነው።»

«ሃያ አምስት ነጥብ ሁለት።»

«አባትዎ ግድግዳ ላይ የሰቀሉት እጅ ያን ያህል ነበር። አሁን አባትዎ ዘንድ ነን። አባትዎ አርባ በመቶ ጨመሩ። አርባ የማን? የእናትዎ እጅ። አርባ በመቶ ማለት ከአምስት ሁለት ነው። አምስት የነበረውን ሰባት አደረጉት። ስለዚህ ሃያ አምስት ነጥብ ሁለትን ለሰባት።»

አዋላጇ እርሳሱን ተቀበለቻት። አካፈለች። «ሦስት ነጥብ ስድስት።»

«አምስት ጊዜ።»

አዋላጇ ማባዛቱን ጀምራ ቁጥሩን ሳትጨርሰው ቀና አለች። ወረቀቱ ላይ አሥራ ስምንት ተጽፏል።

እትዬ መቶኛ ይህን ሥራ የያዘችው ትናንት አይደለም፤ ሆኖም ቁጥሩን ስታይ ክንዷ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። ተኩሉም፣ ነጥቡም፣ ትርፍራፊው ሁሉ እንደ ገለባ እየበነነ ሄዶ፣ ሥሩ ላይ ሙሉ ቁጥር ተቀምጦ ተገኘ። አሥራ ስምንት ሴንቲ። አንዲት ሴት ሆስፒታል አልጋ ላይ ተደግፋ እጇን ደብተር ላይ አሳርፋለች፤ እጇም ይህን ያክል ነበር። አባትየው አልፎ፣ ዋናው ወረቀት አፈር ገብቶ፣ ጣሪያው አፍስሶ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ ልኩ አልጠፋም። ወዴት ይጠፋል? ሁለት ሰዎች በፍቅር አሳድገው ከላይ አለበሱት እንጂ ከሥር እንዳለ ነበር።

ትልቁን ወረቀት መስታወቱ ላይ አስተኛች። ከሠላሳ አንድ ተኩል ወደ አሥራ ስምንት ሃምሳ ሰባት በመቶና ጥቂት ፍርፋሪ ነው፤ ማሽኑ ፍርፋሪ አያውቅም። ሃምሳ ሰባት ላይ አደረገችውና ክዳኑን ዘጋች። ብርሃኑ ከዳር ዳር አለፈ። ወረቀቱ ሞቆ ወጣ። ለካችው። አሥራ ስምንት፣ ምናልባት ግማሽ ሚሊ ቢጎድል።

ልትሰጣት ስትል አንድ ነገር ዓይኗን ሳበው። ከእጁ በስተኋላ፣ እንደ ጥላ የደበዘዙ አግድም መስመሮች አሉ። የደብተሩ መስመሮች ናቸው! እናትየው እጇን ያሳረፈችበት ደብተር መስመር እስከ ዛሬ አብሮ ሲገለበጥ ኖሯል፤ አብሮ አድጓል፣ አሁንም አብሮ አንሷል። ማንም ልብ ብሎት አያውቅም።

«ቆዩኝ አንዴ» አለች።

ከመደርደሪያዋ ላይ አንድ ደብተር አወረደች። አንድ ገጽ ቀድዳ ከአዲሱ ኮፒ ሥር አደረገችና ሁለቱን አንድ ላይ ወደ በሩ ብርሃን አነሳቻቸው። የላይኛውን መስመር ከላይኛው አጋጠመች። ከዚያ ዓይኗን ወደ ታች አወረደች። ሁለተኛው በሁለተኛው ላይ ተኝቷል። ሦስተኛው በሦስተኛው ላይ። እስከ ገጹ ግርጌ ድረስ አንዱ መስመር ከሌላው አላፈነገጠም። የዚያን ጊዜ ደብተርና የዛሬ ደብተር፣ በስምንት ሚሊ በስምንት ሚሊ፣ አንዱ ባንዱ ላይ።

አዋላጇም አየች። ከወዲያ ቁልፍ ቀራጩ የሚሞርደው ብረት ይሰማል።

«ምስክር ሲሆን ሁለት ነው» አለች እትዬ መቶኛ። «የወንድምዎ ጽሑፍ አሥራ ስምንት አለን። ደብተሩ ወንድምዎን አያውቀውም፤ እሱም አሥራ ስምንት አለን።»

አሮጊቷ ከአግዳሚው ተነሥተው መጡ። ማስመሪያውንም ሒሳቡንም አላዩ። ወረቀቱን ተቀበሉና በሁለት እጃቸው ይዘው ከአዋላጇ ግንባር ላይ አሳረፉት። አውራ ጣቱ አንዱ ጆሮ ግንድ ላይ ደረሰ፤ ትንሿ ጣት ሌላው ላይ።

«ትኩሳታችንን ስታይ እንዲህ ነበር የምታደርገው» አሉ። «ከጆሮ እስከ ጆሮ። ይቺ ናት። እህቴ ይቺ ናት።»

አዋላጇ ከወረቀቱ ሥር ዓይኗን ጨፍና ቆመች። የስንት ሺህ ሕፃን የመጀመሪያ እስትንፋስ የሰማች ሴት ናት፤ እጇ በሥራ የጠነከረ ነው። ቆይታ ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና የራሷን ግራ እጅ ላዩ ላይ ዘረጋች። የእናቷ ጣቶች ከሷ ጣቶች በአንድ ጥፍር ያህል አልፈው ታዩ።

«ትበልጠኛለች» አለች። «አክስቴ፣ እማዬ ትበልጠኛለች።»

«ታዲያ እናትሽ አይደለች?» አሉ አሮጊቷ። «ምን ልትሆን ኖሯል?»

ኩርፊያው እዚያው ላይ አለቀ። አዋላጇ ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት አክስቷ «ተይው፣ ወረቀቱ ነው ያጣላን» ብለው አፏን አስያዟት። ከዚያም የራሳቸውን የተሸበሸበ እጅ አስቀመጡበት፤ ጣቶቻቸው በእድሜ ተጣምመዋልና ከመስመሩ ጋር አልገጠሙም፤ ቢሆንም እጃቸውን ለረጅም ጊዜ አላነሡም።

አንድ ለአዋላጇ፣ አንድ ለአክስቷ ወጣ። ለወንድምየው ግን በስልክ መላክ ነበረበት፤ ያለው ሩቅ ነው። እትዬ መቶኛ እዚህ ላይ ፈራች። የሰው ማተሚያ «ከገጹ ጋር ላስማማልህ» ብሎ ሳይጠይቅ ያሳንሳል፤ ስንት ሥራ እንደዚያ ሲበላሽ አይታለች። ከእጁ ሥር አሥር ሴንቲ የሆነ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረችና አጠገቡ እንዲህ ብላ ጻፈችበት፦ «ሲያትሙት ይህን መስመር ይለኩ። አሥር ሴንቲ ካልሆነ ወረቀቱ የእናትዎ አይደለም፤ ይጣሉት።»

ያን ዕለት ምሳ ላይ ነገሩን ሁሉ ለባሏ አጫወተችው። ባሏ ጎርሶ ያኘከውን እስኪውጥ ድረስ አሰበና፣ «እና ሰውየው መሬት ቀያሽ ሆኖ ይህን ራሱ አላወቀውም?» አላት። እሷም ስታስበው ገርሟት ነበር።

በአራተኛው ቀን ወንድምየው ደወለ። ቁጥሯን ከእህቱ ወስዶ ነው። ድምፁ የጎለመሰ ሰው ድምፅ ነው፤ ስድሳን የተጠጋ ይመስላል።

«መስመሩን ለካሁት እህቴ» አላት። «አሥር ነው። ሦስት ቦታ ወስጄ አሳተምኩ፤ ሁለቱን ጣልኳቸው። ሦስተኛው አሥር ሆነ።»

«ደግ አደረጉ» አለችው።

«እኔ መሬት ስለካ ነው የኖርኩት። ይህን ወረቀት ግን ለመመለስ ፈርቼው ኖርኩ። አርባና ሃያ አምስት ደምሬ ስድሳ አምስት እያልኩ አንድ ጊዜ ሞከርኩት፤ የወጣውን ሳየው ቀደድኩት። ከዚያ በኋላ እጄን አላነሣሁበትም። በሥራ ላይ ቢሆን አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። የእናት ሲሆን እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ ሒሳቡ ሁሉ ይጠፋል።»

ሱቁ በር ላይ አንድ ሰው መታወቂያውን ይዞ ኮፒ ይጠብቃል። በእጇ ምልክት ሰጥታ አስታገሠችው።

«አሁን እጄን አስቀምጬባት ነው የማወራዎት» አለ ሰውየው። «ቀኝ እጄ ስልኩን ይዟል፤ ግራዬ እሷ ላይ ነው። የኔ ይበልጣል። ግን ጣቶቿ... ትንሿ ጣቷ ወደ ውጭ እንደምትወጣው ሁሉ የኔም ትወጣለች። ይህን ስድሳ ዓመት ሙሉ አላውቅም ነበር።»

ከዚያ በኋላ አልተናገረም። እሷም ስልኩን አልዘጋችም። ባንኮኒው ላይ በክርኗ ተደግፋ፣ ሩቅ ያለ አንድ የማታውቀው ሰው ሲተነፍስ እየሰማች ቆየች። ባለመታወቂያው ሰው ምን እንደሆነ ባያውቅም ነገሩ የሚያስቸኩል እንዳልሆነ ገባውና፣ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ጀመር።